የመቁረጫ ጠረጴዛው ንቦች

ውድ እርጎዬ፣

ሳጥንሽን ከፈትኩት። ከመቆጣትሽ በፊት ግን እስከ መጨረሻው አንብቢኝ። አንቺ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አትፈርጂም፤ እሱ የኔ አመል ነው።

ደውዬ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን አንቺ ዘንድ ስልክ ሲነሳ መጀመሪያ የልጅ ልጅሽ ለቅሶ ይሰማል፣ ቀጥሎ ልጅሽ «እማዬ፣ ወተቱ ገነፈለ» ትላለች፣ ከዚያ አንቺ «መልሼ እደውልልሻለሁ» ትያለሽ። አትደውይም። አልተቀየምኩሽም። ማለቴ ተቀይሜሽ ነበር፣ አሁን ወጥቶልኛል። ደብዳቤ ጥሩ ነው፤ ወተትም አይገነፍልበት፣ ልጅም አይነቃበት። ትራስሽ ሥር ታደርጊውና ሲመችሽ ታነቢዋለሽ።

ከጠረጴዛው ልነሳ። ፋብሪካው የተዘጋ ሰሞን ሰው ሁሉ የስፌት መኪና ሲሻማ እኛ ያን አሮጌ የመቁረጫ ጠረጴዛሽን እየጎተትን ስንወጣ የሳቁብን ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ዘበኛው ሳይቀር «ይሄን ምን ልታደርጉት ነው፣ ልትተኙበት?» አለን። አንቺ ዕድሜ ልክሽን ለማንም ቶሎ መልሰሽ አታውቂም፤ እርጎ ያስባለሽም ይኸው መርጋትሽ ነው። እኔ ነኝ «ንብ ልናረባበት ነው» ያልኩት። ሰውየው የሰደብኩት መሰለውና ፊቱን አዞረ።

ቀልድ ግን አልነበረም። ስንት ዘመን ሙሉ ደረጃው ሥር ቁጭ ብለን ምሳችንን ስንበላ ያወራነው ነው። ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? «ንብ ቀጣሪ የላትም» አልሽ። «አውራ አላት አይደል እንዴ» ስልሽ፣ ዳቦሽን አኝከሽ፣ ውጠሽ፣ ውሃ ጠጥተሽበት፣ «አውራዋ ትወልዳለች እንጂ አታዝም» አልሽኝ። ያን ቀን ነው ልቤ የሸፈተው። ጡረታ ስንወጣ አንድ ጓሮ፣ ሁለት ቀፎ፣ የማንንም እጅ ሳናይ እንኖራለን ተባባልን። ጡረታው ሳይደርስ ፋብሪካው ቀደመን እንጂ።

አናጺው ጠረጴዛውን ሰንጥቆ ሁለት ሳጥን አወጣልን። የካውያ ቃጠሎ ያለበት ሳንቃ ለእኔ ደረሰ፣ ጠርዙ ላይ የሜትር ምልክት የተቀባበት ለአንቺ። ጉንዳን እንዳይወጣባቸው እግራቸውን በየጣሳው የተቃጠለ ዘይት ውስጥ አቆምናቸው። ውስጣቸውን ሰም ቀባን፤ ሰም የሸተተው ሳጥን ንብ ይጠራል ተብለን። የእኔን እኔ ቀባሁት፣ ሻዩ እስኪፈላ ድረስ ጨረስኩ። አንቺ ያንቺን ለመቀባት ቀኑን ሙሉ ፈጀሽ። ሰሙን እያሞቅሽ፣ በጨርቅ እያሸሽ፣ ማዕዘኑን በጣትሽ እየዳሰስሽ። «ኧረ ሳጥን ነው፣ ሙሽራ አይደለም» ብዬ ተሳለቅኩብሽ። ይሄንን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ልጅሽ ወለደች። «ልጁ ጥርስ እስኪያወጣ ነው» ብለሽ ተነሳሽ። አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆነሽ ጣትሽን ቀሰርሽብኝና «ሳጥኔን እንዳትነኪብኝ፣ መጥቼ ራሴ ነኝ የምከፍተው» አልሽ። እየሳቅሽ ነበር፤ እኔ ግን የምር አድርጌ «እሺ፣ ቃሌ ነው» አልኩሽ። ልጁ አሁን እንደምሰማው ሥጋ ያኝካል።

አንቺ በሄድሽ ሰሞን ታናሽ ወንድሜ መጣ። ታውቂዋለሽ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ቁጭ አለ፣ ቤቱን በዓይኑ ዞረው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

«እትዬ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ይሄንን ቤት እናከራየውና አንቺ እኛ ዘንድ ነይ። ክፍል አለ።»

ክፍሏን አውቃታለሁ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ናት። መስኮቷ የሚያሳየው ግድግዳና የጋዝ ሲሊንደር ነው። ሚስቱ ደግ ናት፣ እግዜር ይስጣት፤ ግን ከእኔ ጋር ስታወራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቃሉን ቆርጣ ቆርጣ ነው፣ ልክ ለሕፃን ወይም ለደንቆሮ እንደሚባለው። እዚያ ቤት ብገባ እንግዳ ልሁን ቤተሰብ ልሁን ሠራተኛ ማንም አይነግረኝም፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ በር የምትከፍት አክስት ሆኜ አረጃለሁ። በሩን መክፈት አልጠላም። የኔ በር አለመሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።

«አበባው እስኪረግፍ ጊዜ ስጠኝ» አልኩት። ቦዩ ዳር ያሉትን ነጭ የሚያብቡ ዛፎች ማለቴ ነው። «ከጓሮዬ ማር ቆርጬ ካላሳየሁህ፣ ዕቃዬን በገዛ እጄ እጭናለሁ።»

«ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

ይኸውልሽ፣ በአንድ ሰሞን ሁለት ቃል። አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለእሱ።

ንቦቹን የሰጠችኝ ቲቸር ናት። አታውቂያትም፤ ከኛ ጀርባ ባለው መንገድ የምትኖር፣ ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። ጓሮዋ ሙሉ ቀፎ ነው። አመሻሽ ላይ በትንሽ ሳጥን ይዛቸው መጣችና የእኔ ቀፎ ውስጥ አስገባቻቸው። ስታስረዳ ጣቷን እያወጣች ነው፣ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነው የጎደላት። «አንደኛ፣ ቤታቸውን እስኪለምዱ ክዳኑን አትንኪ። ሁለተኛ፣ ከለመዱም በኋላ ከስንት አንዴ ነው የሚከፈተው። ገብቶሻል?» አለችኝ። «ገብቶኛል» አልኩ። ፋብሪካ ውስጥ ስንት ዓመት ያሠለጠንኳቸው ልጆችም «ገብቶናል» ይሉኝ ነበር።

የንብ መከላከያ ልብሱን እኔ ሰፋሁት። ከፋብሪካው የተረፈውን ነጭ ጥጥ አስታወስሽው? ከሱ ሁለት ቱታ አወጣሁ፣ አንድ ለእኔ አንድ ላንቺ። የፊት መሸፈኛውን ከመጋረጃ ሠራሁት። ያንቺን በሩ ጀርባ ሰቀልኩት። አንዳንድ ቀን ከጓሮ ስገባ በሩ ጀርባ ሰው የቆመ ይመስለኛል፤ «መጣሽ?» ልል አፌን ከፍቼ እመልሰዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ።

ጸጥታው ነው ያሳበደኝ፣ እርጎዬ። ዕድሜያችንን በዚያ የመኪና ድምፅ ውስጥ ጨርሰን፣ እርስ በርስ ስንጣራ ጉሮሯችን እስኪነቃ ጮኸን፣ በአንድ ቀን ዝም። ጠዋት እነሳለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ ማንኪያዬ ብርጭቆውን ሲነካ የሚሰማኝ እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ጠዋት እስቲ ደህና ገብተው እንደሆነ ልይ ብዬ ክዳኑን ትንሽ ገለጥ አደረግኩ። የወጣው ድምፅ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? ጠዋት ሁሉም መኪና ባንዴ ሲነሳ የኛ ሁለተኛ ፎቅ የሚያሰማውን። ሥራ ቦታ የገባሁ መሰለኝ። እንባዬ መጣ፤ በመጋረጃው ውስጥ መጥረግ እንኳ አይቻልም።

በማግስቱም ከፈትኩ። በሦስተኛው ቀንም። ከዚያ ሥራ ሆነ። ሻዬን እጠጣለሁ፣ ቱታዬን እለብሳለሁ፣ ፈረቃ እገባለሁ። ሰሙን የሚሠሩባቸውን ፍሬሞች አንድ በአንድ አወጣለሁ፣ ፊቱን አያለሁ፣ ጀርባውን እገለብጣለሁ፣ ወደ ፀሐይ አነሳለሁ፤ ልክ ፋብሪካው ውስጥ ጥራት ስቆጣጠር ሸሚዝ ሲመጣልኝ ኮሌታውን፣ እጅጌውን፣ ከዚያ ገልብጬ ስፌቱን እንደማየው። እንደ ሐኪም ቤት ራጅ ውስጡን ታያለች ብላችሁ ራጂ ያላችሁኝ በከንቱ አይደለም። አንዲት የተዘለለች ክር አታመልጠኝም ነበር፤ ንብም አላመለጠኝም። የፋብሪካው ጠመኔዬ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው። ሰሙ የተጣመመበትን ቦታ ፍሬሙ ላይ ምልክት አደርግበታለሁ። ሲብስብኝ በቢላ ቆርጬ አስተካከልኩላቸው። እነሱ ሌሊቱን እንደገና አጣመው ሠሩት፤ እኔ ጠዋት እንደገና ቆረጥኩት። «እንዴት አደራችሁ? ይሄን ማን ነው የሠራው?» እያልኩ አወራቸዋለሁ።

ምን ላድርግ፣ ቤቴ ውስጥ ስከፍተው ሰው ያለበት ክዳን እሱ ብቻ ነበር።

ያን ሰሞን ላንቺም ስደውል ነበር። ጠዋት እደውላለሁ፣ ከሰዓት እደውላለሁ፣ «መቼ ነው የምትመጪው?» እላለሁ። መጀመሪያ «በቅርቡ» አልሽ። ቀጥሎ «እናያለን» አልሽ። ከዚያ ወተቱ መገንፈል ጀመረ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነው፣ ጓሮው በሙሉ ጮኸ። ዞር ስል ንቦቹ ከቀፎው እየፈሰሱ ይወጣሉ። ወጥተው አያልቁም። አየሩ ላይ ዞሩ፣ ተሰበሰቡ፣ ከዚያ በአጥሩ ላይ አልፈው፣ አጠገባችን ባለው ማተሚያ ቤት ጣሪያ ላይ ተሻግረው ወደ ቦዩ ሄዱ። መጋረጃዬን አጥልቄ በነጠላ ጫማ መንገድ ወጣሁ። ሰው ግራና ቀኝ ሸሸልኝ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ብቅ አለና «ምን ጠፋብሽ?» አለኝ።

«ንቦቼ።»

«ስንት ናቸው?»

ያን ቀን ባይሆን ኖሮ መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር። አንቺም ብትኖሪ ኖሮ። ብቻዬን ስሆን ግን ሳቁ ደረቴ ላይ ቀረ፤ እዚያው አስፋልት ዳር ቁጭ አልኩ። ደንበኛው ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ ውሃ አመጣልኝ።

ቲቸር መጣች። ባዶውን ቀፎ ከፈተች፣ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ አወጣች። የጠመኔ ምልክቴን በጣቷ ነካ አድርጋ «ይሄ ምንድነው?» አለችኝ።

«ጉድለት ያለበት ቦታ ነው።»

የተደፋው ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። «በየስንት ጊዜው ነበር የምትከፍቺው?»

«ጠዋት ጠዋት።»

«ሁልጊዜ?»

«እሁድንም ጨምሮ» አልኩ። ምን እደብቃታለሁ፣ ምልክቱ ይናገራል።

«ኮብልለዋል። አይመለሱም» አለች። ከዚያ ተማሪ እንደምትቆጣ ሆና፣ «እስቲ አንቺ ንገሪኝ። በየቀኑ ጣራሽን እያነሳ ቁልቁል የሚያይሽ ሰው ቢኖር፣ አንቺ ብትሆኚ ትቀመጪ ነበር?»

ልዋሽ አልቻልኩም። «እቀመጥ ነበር» አልኳት። «ጣራዬን የሚያነሳ ሰው ቢመጣልኝ ሻይ አፈላለት ነበር።»

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር የተናገርኩት። ቲቸር አልሳቀችም። መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ ደግማ ጠረገችው። «እንግዲያው ሻይሽን አፍዪ» አለችኝ። ጠጣን። እሷም ቤቷ ውስጥ ብቻዋን እንደሆነች ያን ቀን ነው የገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ባላስታውሳቸው ደስ ይለኛል። ወንድሜ ይደውላል፣ «ንቦቹ እንዴት ናቸው?» ይላል፣ «ደህና ናቸው» እለዋለሁ። አልዋሸሁም፤ የትም ይሁኑ የት ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም። ስልኩን ዘግቼ ካርቶን ፍለጋ ማተሚያ ቤት እሄዳለሁ። ሳህኖቹን በጋዜጣ ጠቀለልኩ። የእናቴን መስታወት ከግድግዳው አወረድኩ፤ ከሥሩ ያለው ቀለም ከሌላው ግድግዳ ይልቅ ነጭ ነው፣ እየተነሳሁ እሱን አያለሁ። ዛፎቹ ያን ጊዜ ገና ማበባቸው ነበር። አላፊ አግዳሚው «እንዴት ያምራል» ሲል እኔ ቶሎ እንዳይረግፍ እለምናለሁ።

ያንቺን ሳጥን ለቲቸር ልሰጣት ወሰንኩ። ባዶውን ከሚቀር ትጠቀምበት ብዬ። ጠዋት የጣሳዎቹን ዘይት ልደፋ ጎንበስ ስል መግቢያው ላይ አንዲት ንብ አየሁ። ገባች። ቆየች። ወጣችና በሜትሩ ምልክት ላይ ላይና ታች ተመላለሰች፣ ልክ እንደሚለካ ሰው። ትንሽ ቆይቶ ሌሎች መጡ። እጄን ወደ ክዳኑ ሰድጄ ነበር፤ እውነቱን ነው የምነግርሽ። ጣቴ እንጨቱን ነክቷል። ያ የአውቶቡስ መስኮት ላይ የቀሰርሽብኝ ጣትሽ ፊቴ ላይ መጣ። መለስኩት። በነጋታው፣ ምሳ ሰዓት ግድም፣ በማተሚያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ያ ጩኸት እንደገና መጣ። መንጋው በሙሉ በዚያች ቀጭን ቀዳዳ ተጋፍቶ ገባ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ገብተው እስኪያልቁ አየሁ።

ቲቸርን ጠርቼ «የኔዎቹ ናቸው?» ብላት፣ «መታወቂያ የላቸውም፣ በምን ልወቅ?» አለችኝ። ሌሎች ሊሆኑ ይችላሉ አለች። አንድ ምሽት በባትሪ ወደ ውስጥ አብርታ ሳታንኳኳ አየችና፣ «ይሄ ሳጥን ግን በደንብ ሰም ጠጥቷል። ማን ነው የቀባው?» አለችኝ።

«እርጎ።»

«ጎበዝ ናት» አለች። ከሷ አፍ ይሄ ቃል በቀላሉ አይወጣም፤ ስለዚህ አደረስኩልሽ።

እኔ ግን የኔዎቹ ናቸው ብዬ ወስኛለሁ። ከእኔ ሸሽተው አንቺ ዘንድ ገቡ። መጀመሪያ ቅናት ብጤ ያዘኝ። ከዚያ ሳስበው ልክ ናቸው። እኔም ብሆን አንቺ ዘንድ ነው የምገባው። በዚያ ፋብሪካ ውስጥ ለቅሶ የመጣበት ሰው ሁሉ እኔን አልፎ ያንቺ ጠረጴዛ ዳር ነበር የሚቆመው።

ቲቸር ሳይከፍቱ ማየትን አስተማረችኝ። የበፊቱን የሥራ ወንበሬን መግቢያው አጠገብ፣ ወደ ጎን አድርጌ አስቀመጥኩ። እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ካልተቀመጥኩባቸው አላምናቸውም። እግራቸው ላይ ቢጫ ነገር ተሸክመው ሲገቡ ውስጥ ልጅ አለ ማለት ነው። ሲወጡ ቀለል ብለው፣ ሲመለሱ ከብዷቸው ዝቅ ብለው ካረፉ አዝመራው ጥሩ ነው። ከኋላ በኩል ሳጥኑን በአንድ እጅ ከፍ ለማድረግ ትሞክሪያለሽ፤ ክብደቱ ይነግርሻል። በመጀመሪያ ሳነሳው ብድግ አለ። ከሰነበተ በኋላ ግን ንቅንቅ አላለም።

አበባው ረገፈ። ቦዩ ነጭ ሆነ። በማግስቱ ወንድሜ ፒካፕ ይዞ መጣ፣ ገመድ ሳይቀር ይዞ። በር ላይ የተደረደሩትን ካርቶኖች አየና ፊቱ ፈካ።

«ዝግጁ ነሽ ማለት ነው።»

«ማር ካላሳየሁህ ነው ያልኩት» አልኩት። «በሩ ጀርባ ያለውን ልብስ ልበስ።»

ያንቺን ቱታ አለበስኩት። አንቺ ረጅም ነሽ፣ እሱ አጭር፤ እጅጌው ከጣቶቹ አልፎ ተንጠለጠለ፣ እግሩ መሬት ጠረገ። ያ ሁሉ ቁም ነገረኛ ሰው እጅጌውን እያርገበገበ ጓሮ መሃል ቆመ። ቲቸር ንብ የምታበርድበትን ማጨሻ ይዛ መጣች።

ሳጥንሽ ፊት ስደርስ ቆምኩ። ሁለቱም ቃል ባንድ ላይ መጣብኝ። ብከፍት ያንቺ ይፈርሳል፤ ባልከፍት የሱ ይፈጸማል፣ እኔ ከወጥ ቤቱ ጀርባ እገባለሁ፣ ሳጥንሽም ወደ ቲቸር ጓሮ ይሄዳል። አንቺ ብትኖሪ ምን ትይኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። ዳቦሽን አኝከሽ፣ ውጠሽ፣ ውሃ ጠጥተሽበት «ክፈቺው» የምትዪኝ መሰለኝ። ካላልሽ እንግዲህ ተጣላኝ።

ከፈትኩት።

ጠማማ ነው፣ እርጎዬ። እንደዚያ ያለ ጠማማ ሥራ በሕይወቴ አላየሁም። ሰሙ ከአንዱ ፍሬም ተነስቶ ወደ ሌላው ተሻግሯል፣ መሃል ላይ እንደ እባብ ዞሯል፣ ማዕዘኑ ላይ ማንም ባላዘዘው አቅጣጫ ተንጠልጥሏል። ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ ሙሉውን እመልሰው ነበር። እና እያንዳንዱ ቀዳዳ እስከ አፉ ሞልቷል፣ በነጭ ሰም ተከድኗል። እጄ ሳላስበው ኪሴ ገባ። ጠመኔው አለ። ቲቸር ከመጋረጃዋ ውስጥ እያየችኝ ነው፣ ጢሱን ማጨስ እንኳ ተወችው።

«ይለፍ» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አለ ወንድሜ።

«ይለፍ አልኩ።»

ትስቂብኝ ነበር ትዝ ይልሻል? «ራጂ ይለፍ ስትል ከሥጋዋ የሚቆረጥላት ይመስላል» ትዪ ነበር። አሁን ቀላል ሆኖ ወጣ። ዳር ላይ ካለው አንዱን ብቻ ቆርጬ ሳህን ላይ አደረግኩ፤ ሌላውን ጠማማነቱን እንደያዘ መልሼ ከደንኩት።

ወንድሜ መጋረጃውን አነሳና በቆሻሻ ጓንቱ ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተ። ማኘክ ጀመረ፣ ቆመ፣ እንደገና አኘከ። ማሩ በአገጩ ወርዶ ያንቺ ቱታ ላይ ተንጠባጠበ። ካርቶን ላይ ቁጭ አለ፤ የሳህኖቹ ካርቶን ስለነበር ውስጡ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ የእማዬ መስታወት የቱ ጋ ነበር የሚሰቀለው?»

ራሱ ሰቀለው። ካርቶኖቹን ራሱ መልሶ አስገባ፤ ከሳህኖቹ የተሰበሩትን አልነገርኩትም። ለሚስቱ ቁራሽ ማር በብርጭቆ ሰጠሁት። በር ላይ ቆሞ፣ «ክፍሏ ግን ሁሌም…» ሲል፣ «አውቃለሁ፣ ወንድሜ» አልኩት። ግንባሬን ሳመኝ። ፒካፑ ባዶውን ሄደ፣ ገመዱ ከኋላ ተንጠልጥሎ፣ ፀጉር ቤቱ ጋ ሲደርስ ታጠፈ። ቲቸርም ማጨሻዋን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

አሁን የምነግርሽን ለማንም አልተናገርኩም። ሲሄድ ከፋኝ። አሸንፌ እኮ ነው፤ ቤቴ ቤቴ ሆኗል፣ መስታወቱ ነጩን ግድግዳ ሸፍኗል፣ ቀጣሪ የለኝም፣ የማንም በር አልጠብቅም። ሊወስደኝ የመጣ አንድ ሰው ነበረ፣ እሱንም መለስኩት። ማታ ማንኪያዬ ብርጭቆውን ሲነካ ሰማሁት፤ ያው ድምፅ ነው። ትንሽ ደግሞ አጥብቆ ቢይዘኝ ብዬ ተመኝቼ ነበር። መሄዱንስ አልሄድም ነበር፣ ግን አጥብቆ ቢይዘኝ። ወደ ስልኩ እጄን ሰደድኩ፣ ላንቺ ልደውል። ከዚያ ቁጭ አልኩና እጆቼን ከጭኔ ሥር አደረግኳቸው።

ስለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

በአውቶቡሱ ሾፌር እጅ አንድ ጠርሙስ ማር ልኬልሻለሁ፤ ክዳኑን በጨርቅ አስሬዋለሁ፣ እንዳትስቂበት። የቀረው እዚያው ሳጥንሽ ውስጥ ነው፤ ግማሹ ለነሱ ክረምት፣ ግማሹ ላንቺ። ከእኔ ባዶ ሳጥን ውስጥ የጠመኔውን ምልክት ፍቄ ጨርሻለሁ፤ እንደ አንቺ ቀስ ብዬ፣ ማዕዘኑን በጣቴ እየዳሰስኩ ሰም እየቀባሁት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ቲቸር ሁለት ቱታ አዝዛኛለች፣ ጓደኞቿም ይፈልጋሉ አለች፤ ስለ መብራትና ውሃው አታስቢልኝ። ያንቺን ቱታ አጥቤ ቦታው ሰቅዬዋለሁ። አገጩ ሥር ያለችው የማር ቦታ አልለቀቀችም።

መቼ ትመጪያለሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ያንን ክዳን ደጋግሜ አንስቼዋለሁ። ልጁ ያዘሽ እንደሆነ ይያዝሽ፤ እሱም ያንቺን ረጋ ያለ እጅ ፈልጎ ነው፣ አልፈርድበትም። እኔ እዚህ ወንበሬ ላይ፣ ከመግቢያው ጎን፣ ማን ገባ ማን ወጣ እያልኩ እቀመጣለሁ። ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ብትዪ ከብደሽ ይሁን ቀለል ብለሽ ከሩቅ አውቃለሁ።

ይሄንን ደብዳቤ መልሼ አላነበብኩትም። በዚህ ዕድሜዬ መጀመሪያዬ ነው። ጠማማ መስመር ካገኘሽበት አንቺም ይለፍ በይልኝ።

ያንቺው ራጂ